በኤስኤምቢ ማውንት ላይ ያልተነካ ፋይል የጊዜ ማህተሙ ለምን የተለወጠ ይመስላል?

ጥያቄ፦ የማኅደር_ሠራተኛ

ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት ቢሮ የድምፅና የሰነድ ማኅደር በአንድ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ በሳምባ (ፋይልን በኔትወርክ በኤስኤምቢ ፕሮቶኮል በሚያጋራው ሶፍትዌር) አማካይነት ለሠራተኞች ይጋራል። የፋይሎቹን መዝገብ የሚያዘጋጅ የፓይተን ስክሪፕት አለኝ፤ ስክሪፕቱ የእያንዳንዱን ፋይል ስም፣ መጠንና መጨረሻ የተሻሻለበትን ጊዜ ይይዝና በሚቀጥለው ዙር ልዩነት ያገኘበትን ብቻ ወደ መጠባበቂያ ዲስክ ይገለብጣል። የመጀመሪያውን መዝገብ ያዘጋጀሁት ሰርቨሩ ውስጥ በቀጥታ ገብቼ ነበር። አሁን ግን ሥራው ወደ ሌላ የሊኑክስ ኮምፒውተር ተዛውሯል፤ ይህ ኮምፒውተር ማውጫውን በከርነሉ (በሊኑክስ ማዕከላዊ ክፍል) ውስጥ ባለው የኤስኤምቢ ደንበኛ ፕሮግራም፣ በሲአይኤፍኤስ ክላየንት፣ ማውንት አድርጎ (እንደ ራሱ ዲስክ አያይዞ)፣ ያንኑ መዝገብ መነሻ አድርጎ ያመሳክራል።

ችግሩ የጀመረው ከዚህ ዝውውር በኋላ ነው። ማንም ያልነካቸው፣ ይዘታቸውም በሃሽ (ከይዘቱ በሚሰላ አጭር መለያ) ሲመሳከር አንድ የሆነ ፋይሎች «ተለውጠዋል» እየተባሉ ይወጣሉ። ሁሉም ቢሆኑ ኖሮ ምክንያቱን መገመት አይከብደኝም ነበር፤ የሚወጡት ግን ከአምስት አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ስክሪፕቱን ደግሜ ባስኬድም የሚወጡት እነዚያው ፋይሎች ናቸው። ባልደረቦቼ ከዊንዶውስ ኮምፒውተሮቻቸው የገለበጧቸው ፋይሎች ደግሞ አንዳቸውም በዝርዝሩ ውስጥ አልታዩም።

ከዚህ ጋር ይገናኝ አይገናኝ የማላውቀው ሌላ ነገርም አለ። ሰርቨሩ ላይ የሚሠራ አንድ ፕሮግራም ስለ ሥራው ሁኔታ የሚጽፍባት ትንሽ ፋይል አለች፤ ርዝመቷ አይለወጥም፣ ይዘቷ ግን በየጊዜው ይለወጣል። መጠባበቂያው ውስጥ ያለው ቅጂ ከዋናው ጋር የማይመሳሰልበት ጊዜ አለ፤ ስክሪፕቱ ግን «አልተለወጠም» ብሎ ያልፋታል። ይህች ፋይል የምትገኘው ከቀድሞው ሰርቨር እንዳለ በመጣ አሮጌ ቮልዩም (የዲስክ ክፍል) ላይ ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው፦ ጊዜውን የሚያዛባው ክላየንቱ ነው ወይስ ሰርቨሩ? ወደ ኤንኤፍኤስ (ወደ ሌላው የፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል) ብንዛወርስ ችግሩ ይወገዳል?

መልስ፦ ከርነል_አንባቢ

በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ዓይኔን የሳበው የዊንዶውሶቹ ፋይሎች ነገር ነው፤ ለምክንያቱ የሚያደርሰው ምልክት እርሱ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

የኤስኤምቢ ፕሮቶኮል ጊዜን የሚያስተላልፈው ዊንዶውስ በሚጠቀምበት ቅርጽ ነው፤ ይህም ከጥር 1 ቀን 1601 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የሚቆጠር ባለ 64 ቢት ቁጥር ሲሆን፣ የአንዱ ቆጠራ ርዝመት 100 ናኖሰከንድ ነው። ከዚህ ያነሰ የሰከንድ ክፍልፋይ በመልእክቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ሰርቨርዎ ፋይሎቹን በኢኤክስቲ4 ወይም በኤክስኤፍኤስ የፋይል ሥርዓት ላይ የሚያስቀምጥ ከሆነ ግን ዲስኩ ላይ ያለው ጊዜ እስከ አንድ ናኖሰከንድ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ውስጥ ሆነው ያነበቡት ጊዜ ዘጠኝ አኃዝ ክፍልፋይ ሲኖረው፣ ያው ፋይል በኔትወርክ ሲነበብ መጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ተቆርጠው በዜሮ ተተክተው ይደርስዎታል። ዊንዶውስ በራሱ ዲስክ ላይም ጊዜን የሚይዘው በዚያው በ100 ናኖሰከንድ ስለሆነ፣ ፋይል ሲገለብጥ አብሮ የሚልከው የማሻሻያ ጊዜ ከመነሻው መጨረሻው ዜሮ ዜሮ ነው፤ የሚቆረጥ ነገር የለውም፣ ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ሲነበብ አንድ ነው።

ክላየንቱ በዚህ ጉዳይ ሊወቀስ የሚገባው አይመስለኝም፤ እንዲያውም ተገቢውን ነው የሚያደርገው። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ እያንዳንዱ የፋይል ሥርዓት ሊይዝ የሚችለውን ትንሹን የጊዜ ርምጃ በሱፐርብሎኩ (ስለ ሥርዓቱ አጠቃላይ መረጃ በሚይዘው ክፍል) ላይ ያስታውቃል፤ የሲአይኤፍኤስ ክላየንት 100 ናኖሰከንድ ብሎ ያስታውቃል፤ በጣም ያረጁ ሰርቨሮች ሲያጋጥሙት ብቻ አንድ ሰከንድ ይላል። ከርነሉም በማውንቱ ላይ የሚጻፍን ጊዜ ሁሉ ከመጀመሪያው ወደዚያ ርምጃ ይቆርጠዋል። ይህ ባይሆን ኖሮ የሚፈጠረው ነገር ከአሁኑ የከፋ ነበር፦ ፋይሉ በክላየንቱ ማስታወሻ ውስጥ እስካለ ድረስ ዘጠኙን አኃዝ ያሳያል፤ ከማስታወሻው ወጥቶ ከሰርቨሩ እንደገና ሲነበብ ደግሞ ሰባቱን ብቻ፤ ማንም ሳይነካው ጊዜው በመካከል ይለወጣል። ክላየንት ሰርቨሩና ፕሮቶኮሉ ሊጠብቁለት የማይችሉትን ዝርዝር ለአንድ አፍታም ቢሆን ማሳየት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

የቀረው ከአምስት አንድ የሚለው ነው። በእኔ ስሌት ከዊንዶውስ ካልመጡት ፋይሎች ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ተለውጠዋል መባል ነበረባቸው፤ መጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በአጋጣሚ ዜሮ የሚሆኑት ከመቶ አንዱ ብቻ ናቸውና። እባክዎ አንድ የተለየና አንድ ያልተለየ ፋይል ወስደው፣ የፋይል መረጃ የሚያሳየው የስታት ትእዛዝ ሰርቨሩ ላይና ክላየንቱ ላይ የሚያወጣውን ክፍልፋይ ይጻፉልን። ስክሪፕቱ ጊዜውን የሚያነበው በየትኛው የፓይተን መስክ እንደሆነም ቢነግሩን መልካም ነው።

መልስ፦ የማኅደር_ሠራተኛ

በጣም አመሰግናለሁ። እንዳሉት አድርጌ ተመልክቻለሁ። ተለውጧል ከተባሉት አንዱ ፋይል ሰርቨሩ ላይ .483920257፣ ክላየንቱ ላይ ደግሞ .483920200 ይላል። አልተለወጠም ተብሎ ያለፈው ሰርቨሩ ላይ .736104831፣ ክላየንቱ ላይ .736104800 ነው። ማለትም በሁለቱም ላይ መጨረሻዎቹ አኃዞች ተቆርጠዋል፤ ስክሪፕቱ ግን አንዱን ሲይዝ ሌላውን ለቀቀ። ሙሉ ሰከንዶቹ በሁሉም ላይ አንድ ናቸው። ስክሪፕቱ የሚያነበው «ኤስቲ ኤምታይም» የሚለውን መስክ ነው፤ መዝገቡም ውስጥ የሚገባው እርሱ እንዳለ ነው።

መልስ፦ ቀመር

ስለ መስኩ የሰጡት መልስ የቀረውን ይፈታዋል።

«ኤስቲ ኤምታይም» የሚሰጠው ሙሉ ቁጥር ሳይሆን ባለ 64 ቢት ፍሎት (ባለ ነጥብ ቁጥር) ነው። ይህ የቁጥር ዓይነት ለዋናው አኃዝ የሚሆን 53 ቢት ብቻ አለው። ከ1970 ጀምሮ የተቆጠረው የዛሬው ሰከንድ ከ1.7 ቢሊዮን በላይ ስለሆነ ከእነዚህ ውስጥ 31 ቢት ለሙሉ ሰከንዱ ይውላል፤ ለክፍልፋዩ የሚተርፈው 22 ቢት ነው። ሁለት በ22 ኃይል ሲነሣ ከአራት ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል፤ አንድ ሰከንድ ለዚያ ሲካፈል 238 ናኖሰከንድ ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ፓይተን በዚህ መስክ የሚያሳየው ጊዜ የሚራመደው በ238 ናኖሰከንድ ሲሆን፣ ይህም ኤስኤምቢ ከሚያስተላልፈው ከ100 ናኖሰከንድ እንኳ የሰፋ ነው።

አሁን የእርስዎን ሁለት ፋይሎች በዚህ እንመልከት። እያንዳንዱ ጊዜ በአቅራቢያው ወዳለው የ238 ናኖሰከንድ እርከን ይጠጋጋል፤ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው ወሰን ላይ ሲደረስ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሄዱ ይለያል። በመጀመሪያው ፋይል ላይ ይህ ወሰን .483920217 አካባቢ ይወድቃል፤ ክላየንቱ ያነበበው 200 ከወሰኑ በታች፣ ሰርቨሩ ያነበበው 257 ደግሞ ከወሰኑ በላይ ስለሆኑ ወደተለያዩ እርከኖች ሄዱ፤ ስለዚህም ንጽጽሩ ልዩ ናቸው አለ። በሁለተኛው ላይ ወሰኑ .736104846 አካባቢ ነው፤ 800ም 831ም ከእርሱ በታች ስለሆኑ አንድ እርከን ላይ ዐረፉ፣ ልዩነታቸውም ጠፋ።

ከአምስት አንድ የሚለውም ከዚሁ ይወጣል። የሚቆረጡት ሁለት አኃዞች ከ00 እስከ 99 እኩል የሚሠራጩ ናቸው ብንል አማካያቸው 49.5 ናኖሰከንድ ነው፤ በዚህ ርቀት መካከል አንድ ወሰን የመግባቱ ዕድል 49.5 ለ238.4 ሲካፈል፣ 21 በመቶ ገደማ ነው። ሁልጊዜ እነዚያው ፋይሎች የሚወጡትም ስሌቱ ውስጥ ምንም የዘፈቀደ ነገር ስለሌለ ነው።

ማስተካከያው አጭር ነው። ፓይተን ከ2012 ከወጣው ከ3.3 ጀምሮ «ኤስቲ ኤምታይም ኤንኤስ» የሚል መስክ አለው፤ ይህ ጊዜውን በሙሉ ቁጥር፣ በናኖሰከንድ ይሰጣል። መዝገቡ ይህን ይያዝ፤ የውሂብ ጎታው መስክም ሙሉ ቁጥር መሆኑን ያረጋግጡ፤ ፍሎት ሆኖ ከተቀመጠ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መስኩን መለወጥ ብቻውን ግን አይበቃም፤ እንዲያውም ያን ብቻ ካደረጉ ከርነል_አንባቢ እንዳሉት ዘጠና ዘጠኝ በመቶው ይወጣብዎታል። ስለዚህ ከማመሳከርዎ በፊት ሁለቱንም ቁጥሮች ለ100 በሙሉ ቁጥር ያካፍሏቸውና ድርሻዎቹን ያነጻጽሩ። «ልዩነቱ ከ100 ካነሰ አንድ ናቸው» የሚል ሕግ የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ ግን መቁረጡን እመርጣለሁ፤ ፕሮቶኮሉ የሚያደርገውን ራሱን መድገም ነውና በሁለት በእውነት የተለያዩ ጊዜያት መካከል ሌላ መቻቻል አይጨምርም።

በነባሩ መዝገብ ውስጥ ያሉት ፍሎቶች ወደ ናኖሰከንድ ቢባዙ የጠፋው አይመለስም። መዝገቡን አሁን ሥራው ከሚሠራበት ከክላየንቱ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ይሻላል፤ ይዘታቸው አንድ መሆኑን በሃሽ ካረጋገጡ የሚጠፋብዎት ነገር የለም።

መልስ፦ ሌሊት_ባክአፕ

የመጀመሪያው ችግር ተፈትቷል፤ እኔ ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ሳይለወጥ ተለውጧል የተባለ ፋይል ትርፍ ቅጂ ያስወጣል፤ ተለውጦ አልተለወጠም የተባለ ፋይል ግን መጠባበቂያው በሚፈለግበት ቀን ነው የሚታወቀው።

በመጀመሪያ አሮጌው ቮልዩም ላይ ያሉ ፋይሎችን ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ሆነው በስታት ይመልከቱ። ክፍልፋዩ በሁሉም ላይ ዘጠኝ ዜሮ ከሆነ፣ ቮልዩሙ የተሠራው በ128 ባይት አይኖድ (የእያንዳንዱ ፋይል መረጃ በሚያዝበት መዝገብ) ነው ወይም ጭራሹን የኢኤክስቲ4 ቀዳሚ የሆነው ኢኤክስቲ3 ነው ማለት ነው። የኢኤክስቲ4 አይኖድ 256 ባይት ሲሆን ለእያንዳንዱ ጊዜ ተጨማሪ 32 ቢት ይመደባል፤ 30ው ለናኖሰከንዱ፣ 2ቱ ደግሞ ዘመኑን እስከ 2446 ለማራዘም ይውላሉ። በ128 ባይት አይኖድ ውስጥ ይህ ተጨማሪ ቦታ ስለሌለ ጊዜው የሚያዘው በሙሉ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ያውም እስከ ጥር 2038 ብቻ። ቮልዩሙ ማውንት ሲደረግ ከርነሉ ጊዜን የሚደግፈው እስከ 2038 እንደሆነ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በመልእክት መዝገቡ ላይ ስለሚያወጣ፣ ከዚያም ማረጋገጥ ይቻላል።

እንዲህ ከሆነ የሚሆነው ይህ ነው። ፕሮግራሙ ፋይሏን በአንድ ሰከንድ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ይጽፋል፤ ስክሪፕትዎ በዚያው ሰከንድ መካከል ደርሶ ጊዜዋን ይመዘግባል፣ ይገለብጣታልም፤ ሰከንዱ ከማለቁ በፊት ፕሮግራሙ በዚያው ርዝመት ሌላ ይዘት ይጽፋል። ጊዜዋም መጠኗም አልተለወጡም። ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ ካልጻፈ፣ በመጠባበቂያው ያለው አሮጌ ይዘት ለሁልጊዜው ትክክለኛ እንደሆነ ይቆጠራል።

እባክዎ ልብ ይበሉ፤ ቮልዩሙን መቀየር ክፍተቱን ያጠበዋል እንጂ አይደፍነውም። ናኖሰከንድ የሚጻፍበት ቦታ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ያንን ቦታ የሚሞላው ሰዓት በምን ያህል ርምጃ እንደሚራመድ ደግሞ ሌላ ነው። የሊኑክስ ከርነል ለፋይል ጊዜ ሲሰጥ ለፍጥነት ሲል የሚጠቀመው በየቲኩ (በከርነሉ የሰዓት ምት) የሚታደሰውን ሰዓት ነው፤ ቲኩ በሰከንድ 250 ጊዜ በሚሆንበት ከርነል ላይ ይህ 4 ሚሊሰከንድ ነው፤ 100 ጊዜ በሚሆንበት ደግሞ 10 ሚሊሰከንድ። በእነዚያ ሚሊሰከንዶች ውስጥ የተጻፉ ሁለት ለውጦች እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ ዓይነት ጊዜ ሊይዙ ይችላሉ። ከከርነል 6.13 ጀምሮ ግን ኢኤክስቲ4፣ ኤክስኤፍኤስ፣ ቢቲአርኤፍኤስና ቲኤምፒኤፍኤስ የተሻለ መንገድ አላቸው፦ አንድ ሰው የፋይሉን ጊዜ ከጠየቀ በኋላ የሚመጣው ለውጥ፣ ከበፊቱ ተለይቶ እንዲታይ ሲያስፈልግ በጣም በትንንሽ ርምጃ የሚራመደውን ረቂቁን ሰዓት ይወስዳል። ማንም ያልጠየቀው ፋይል በቀድሞው ርካሽ መንገድ ይቀጥላል። ይህ ሥራ በ6.6 ዝግጅት ወቅት አንድ ጊዜ ገብቶ ወጥቶ ነበር፤ ተስተካክሎ መመለሱ በጣም ደስ ያሰኘኝ ነው፤ ዋናው ዓላማውም ኤንኤፍኤስ ሰርቨሮችን መርዳት ነበርና።

ወደ ኤንኤፍኤስ ስለ መዛወር ለጠየቁት፦ የመጀመሪያው ችግር ይጠፋ ነበር። በ1989 በሰነድ የወጣው ሁለተኛው የኤንኤፍኤስ ስሪት ጊዜን በማይክሮሰከንድ ያስተላልፍ ነበር፤ በ1995 የወጣው ሦስተኛውና ከእርሱ በኋላ ያለው አራተኛው ግን በናኖሰከንድ ነው፤ ሰርቨሩም የራሱን ትንሹን የጊዜ ርምጃ ለክላየንቱ የሚያስታውቅበት መስክ አላቸው። ሁለተኛው ችግር ግን እንዳለ ይቆያል። አራተኛው ስሪት ለእያንዳንዱ ፋይል በለውጥ ቁጥር የሚያድግ የለውጥ መለያ አለው፤ ክላየንቱ ካሹን (በማስታወሻው ያቆየውን ቅጂ) የሚያምነው ወይም የሚጥለው በእርሱ ነው፤ ነገር ግን ይህ መለያ ለተራ ፕሮግራም በስታት አይገለጥም። ስክሪፕትዎ በኤንኤፍኤስም ላይ ሆኖ የሚያየው ያንኑ ጊዜ ነው።

የኮድ ለውጥ መከታተያው ፕሮግራም ጊት ይህን ችግር ከፈቱት ሁሉ አርአያ ነው ብዬ የማስበው ነው። የአንድ ፋይል የማሻሻያ ጊዜ መዝገቡ ከተጻፈበት ጊዜ ጋር እኩል ወይም ከዚያ የዘገየ ከሆነ፣ ጊት ያንን ፋይል በጊዜው ብቻ አያምነውም፤ ይዘቱን ከፍቶ ያነጻጽራል። በምንጭ ኮዱ ውስጥ ያለው ማስታወሻም የሰከንድ ክፍልፋይን ለማመሳከር የሚያስችለው የግንባታ አማራጭ እንደ ሲአይኤፍኤስና ኤንቲኤፍኤስ ባሉ ሥርዓቶች ላይ እንዳይበራ ይመክራል። የፋይል ማመሳሰያው ፕሮግራም አርሲንክም በነባሪ የሚያነጻጽረው ሙሉ ሰከንዶችን ብቻ ነው፤ ናኖሰከንድ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ለ«ሞዲፋይ ዊንዶው» አማራጭ ከዜሮ በታች የሆነ ዋጋ መስጠት አለበት። ብዙ ሰው የእርስዎን የመጀመሪያ ችግር ሳያየው የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ስለዚህ ስክሪፕትዎ ለእያንዳንዱ ፋይል «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት ይያዝ። ቅኝቱ የጀመረበትን ጊዜ ያስታውስ፤ የማሻሻያ ጊዜው ከዚያ በፊት ባለው ሁለት ሰከንድ ውስጥ ወይም ከዚያ በኋላ የሆነውን ፋይል ሁሉ ምልክት ያድርግበት፤ በሚቀጥለው ዙር ምልክት ያለበትን ጊዜው ምንም ይበል ምን በሃሽ ያመሳክረው። በጸጥተኛ ማኅደር ላይ እነዚህ እጅግ ጥቂት ስለሚሆኑ ሸክሙ አይሰማም።

መልስ፦ የማኅደር_ሠራተኛ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሮጌው ቮልዩም በእርግጥም ዘጠኝ ዜሮ ነው የሚያሳየው፤ የ2038ቱ ማስጠንቀቂያም በመልእክት መዝገቡ ላይ አለ። መዝገቡን በሙሉ ቁጥር እንደ አዲስ አዘጋጅቼ ለ100 እያካፈልኩ ሳመሳክር ያልተነኩ ፋይሎች መውጣታቸው ቆሟል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ቅኝቱ የጀመረበትን ጊዜ ከየትኛው ሰዓት ልውሰድ? የክላየንቱና የሰርቨሩ ሰዓት ሙሉ በሙሉ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ መጠባበቂያው ዲስክ የተዘጋጀው በኤክስፋት የፋይል ሥርዓት ነው፤ የተገለበጠውን ከዋናው ጋር በጊዜ ማመሳከር ይቻላል?

መልስ፦ ከርነል_አንባቢ

ሰዓቱን ከሰርቨሩ ይውሰዱ፤ ፋይሎቹ ሲጻፉ ጊዜ የሚሰጣቸው በሰርቨሩ ሰዓት ነውና። ቀላሉ መንገድ ቅኝቱ ሲጀምር በዚያው በተጋራው ማውጫ ውስጥ አዲስ ምልክት ፋይል ፈጥሮ፣ ጥቂት ባይት ጽፎና ዘግቶ፣ ከዚያ የማሻሻያ ጊዜውን ማንበብ ነው። «ተች» በሚለው ትእዛዝ ግን አያድርጉት፤ በኤስኤምቢ ላይ ትእዛዙ የክላየንቱን ሰዓት ይዞ ሊልክ ይችላል። ሁለት ቮልዩሞች ስላሉዎት ደግሞ ምልክቱን በአዲሱ ላይ ይፍጠሩት፤ በአሮጌው ላይ ከተፈጠረ የሰከንዱ ክፍልፋይ ይቆረጥበታል። ሌሊት_ባክአፕ ያሉት የሁለት ሰከንድ ኅዳግ የአሮጌውን የአንድ ሰከንድ ርምጃም ሆነ ትንንሽ መዘግየቶችን ይሸፍናል፤ አያጥቡት።

አሮጌውን ቮልዩም አይኖዱን ባለበት ለማስፋት ከመሞከር፣ በ256 ባይት አይኖድ የተሠራ አዲስ ቮልዩም አዘጋጅቶ ፋይሎቹን ጊዜያቸውን ጠብቆ መገልበጥ ይሻላል። ነባሮቹ ፋይሎች ዘጠኝ ዜሯቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፉት ግን ሙሉውን ክፍልፋይ ያገኛሉ።

መልስ፦ ሌሊት_ባክአፕ

ስለ ኤክስፋት፦ የማሻሻያ ጊዜን የሚይዘው በ10 ሚሊሰከንድ ርምጃ ነው። የቀድሞው ፋት ደግሞ በሁለት ሰከንድ ይራመዳል፤ ከዚያም በላይ ጊዜውን የሚጽፈው በአካባቢ ሰዓት ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ የተጻፈ ዲስክ ዩቲሲ ብሎ በሚያነብ ኮምፒውተር ላይ የሦስት ሰዓት ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ በመጠባበቂያው ላይ ያለውን ጊዜ ለማመሳከሪያ አይጠቀሙበት። ሲገለብጡ የዋናውን ፋይል ጊዜ በናኖሰከንድ፣ መጠኑንና ሃሹን በመዝገቡ ውስጥ ያስቀምጡ፤ መጠባበቂያውን ሲፈትሹ በሃሹ ይፈትሹ፤ ጊዜን የሚያመሳክሩት በዋናው ፋይልና በመዝገቡ መካከል ብቻ ይሁን።

መልስ፦ ቀመር

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በመዝገቡ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቮልዩም ትንሹን የጊዜ ርምጃ የሚይዝ አንድ መስክ ይኑር፦ በኤስኤምቢ ለሚነበበው አዲሱ ቮልዩም 100፣ ለአሮጌው 1,000,000,000 ናኖሰከንድ። ማመሳከሪያው ቁጥር 100ን በኮዱ ውስጥ ከመያዝ ይልቅ ከዚያ መስክ ያንብብ። ነገ ወደ ኤንኤፍኤስ ቢዛወሩ ቁጥሩ 1 ይሆናል፤ የድሮውን መዝገብ ከአዲሱ ጋር ሲያመሳክሩ ደግሞ ከሁለቱ ርምጃዎች ትልቁን ወስደው ሁለቱንም ጊዜያት በእርሱ ይቁረጡ። ስክሪፕቱ ዳግም መነካት አያስፈልገውም።